በኔትራነር ጨዋታ ሊወገዱ የሚገባቸው የደንብ ስህተቶች

ኔትራነር ሁለት ተጫዋቾች የተለያየ ደንብ ይዘው የሚገጥሙበት የሳይንስ ልብ ወለድ የካርድ ጨዋታ ነው። አንደኛው ምስጢሩን በሰርቨሮች ውስጥ የሚደብቀውን ኩባንያ ይዞ ይጫወታል፤ ሌላኛው ደግሞ ሰብሮ የሚገባውን ራነር። ሪቻርድ ጋርፊልድ የነደፈው ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 በዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት አሳታሚነት ሲወጣ፣ ካርዶቹ ይዘታቸው ሳይታወቅ በታሸጉ ፓኬቶች እየተገዙ የሚሰበሰቡ ነበሩ። በ2012 ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ አሻሽሎ አሳተመው፤ ይህ ኅትመት በ2018 ካቆመ በኋላም ዛሬ ነል ሲግናል ጌምስ በመባል የሚታወቀው የተጫዋቾች ስብስብ አዳዲስ ካርዶችን እያወጣ ቀጥሎበታል። የማነሣቸው ስህተቶች ከ2012 ወዲህ ባለው ደንብ የሚታዩ ናቸው። ብዙዎቹ የሚመነጩት የትኛው ውሳኔ ከየትኛው እንደሚቀድም ካለማወቅ ነው። ካርዶች ተገልብጠው በሚቀመጡበት ጨዋታ ደግሞ አንዴ የታየ ምስጢር ተመልሶ ስለማይደበቅ፣ ስህተቱን ኋላ ላይ ማረም አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

በጣም የተለመደው ስህተት አይሱ ከተገለጠ በኋላ ከወረራው፣ ማለትም ራነሩ ሰርቨር ሰብሮ ለመግባት ከሚያደርገው ሙከራ፣ ለመውጣት መሞከር ነው። አይስ የሚባሉት ሰርቨሩን የሚጠብቁት ካርዶች ተገልብጠው ይቀመጣሉ፤ ኩባንያው ወጪውን ከፍሎ አንዱን ሲገልጥ ሬዝ አደረገ ይባላል። ራነሩ ወደ መጀመሪያው አይስ ሲቀርብ የመውጣት ምርጫ የለውም። ያንን ካለፈ በኋላ ግን ወደሚቀጥለው ከመግባቱ በፊት መውጣት ይችላል፤ ኩባንያው ሁለተኛውን አይስ ሬዝ የማድረግ ዕድል የሚያገኘውም ራነሩ ለመቀጠል መወሰኑን ከተናገረ በኋላ ነው። ስለዚህ ራነሩ ካርዱ ሲገለጥ አይቶ «እንግዲያው እወጣለሁ» ማለት አይችልም፤ ኩባንያውም ራነሩ ሳይወስን ተጣድፎ ካርዱን መግለጥ የለበትም። የጨዋታው ውበት ያለው በዚህች ቅጽበት ይመስለኛል፤ ራነሩ የሚወስነው ሳያይ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ያ ውሳኔ ትርጉሙን ያጣል። «ትቀጥላለህ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጠበቅ ጨዋታውን አያዘገየውም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የሰባሪ ፕሮግራሞችን ጉልበት በተሳሳተ መንገድ ማስላት ነው። ራነሩ የአይሱን ሰብሩቲኖች፣ ማለትም ካልተሰበሩ የሚፈጸሙበትን ትእዛዞች፣ መስበር የሚችለው የሰባሪው ጉልበት ከአይሱ ጉልበት ጋር እኩል ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ክሬዲት (የጨዋታው ገንዘብ) ተከፍሎበት የተጨመረው ጉልበት ደግሞ፣ ካርዱ ራሱ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ ከዚያ አይስ ጋር ያለው ግጥሚያ ሲያልቅ ይጠፋል። ለምሳሌ ጉልበቱ 2 የሆነ፣ በ1 ክሬዲት 1 ጉልበት የሚጨምር፣ በ1 ክሬዲትም አንድ ሰብሩቲን የሚሰብር ፕሮግራም እንውሰድ። ከፊቱ ጉልበታቸው 4 የሆነ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሰብሩቲን ያላቸው ሁለት አይሶች ተደርድረዋል። ራነሩ 6 ክሬዲት ይዞ «ጉልበቱን አንዴ በ2 ካሳደግሁ 4ቱ ለመስበር ይበቃኛል» ብሎ ይገባል። የመጀመሪያው አይስ 4 ክሬዲት ይበላበታል፤ ሁለተኛው ዘንድ ሲደርስ ፕሮግራሙ ወደ ጉልበት 2 ተመልሷል፤ የቀሩት 2 ክሬዲቶች ጉልበቱን ለማሳደግ ብቻ አልቀው አንድም ሰብሩቲን ሳይሰበር ሁለቱም ይፈጸሙበታል። ለመግባት የሚያስፈልገው 8 ክሬዲት ነበር። እኔ ራሴ ጨዋታውን ስጀምር ጉልበቱ እስከ ወረራው መጨረሻ ይቆያል ብዬ ለብዙ ጊዜ ተጫውቻለሁ፤ በዚያ አኳኋን ያሸነፍኋቸውን ጨዋታዎች እንደ ድል አልቆጥራቸውም።

ኩባንያው በፈለገው ጊዜ ማንኛውንም ካርድ መግለጥ ይችላል የሚለው እምነትም ስህተት ነው። አሴት እና አፕግሬድ የተባሉት፣ ኩባንያው በሰርቨሮቹ ውስጥ የሚያኖራቸው ካርዶች በራነሩ ተራ ጭምር፣ በድርጊቶች መካከል ሊገለጡ ይችላሉ። አይስ ግን በመደበኛው ደንብ የሚገለጠው ራነሩ ሲቀርበው ብቻ ነው። አጀንዳ፣ ማለትም የማሸነፊያ ነጥብ የሚያስገኘው ካርድ፣ ደግሞ ፈጽሞ ሬዝ አይደረግም፤ ነጥብ የሚሆነው አስፈላጊው የማሳደጊያ ምልክት ሲሟላለት፣ በኩባንያው በራሱ ተራ ነው፤ ነጥቡን ለማስመዝገብም ክሊክ (ተጫዋቹ በተራው ለድርጊቶቹ የሚያውለው መክፈያ) አይከፈልም። ኩባንያው በአንድ ተራ ያለው 3 ክሊክ ነው፤ አንዱን ካርዱን ለማኖር፣ ሁለቱን ለማሳደግ ካዋለ፣ 3 ምልክት የሚጠይቅ አጀንዳ በዚያው ተራ ሊያልቅ አይችልም፤ ካርዱ ሌላ እርዳታ ካላገኘ በስተቀር ራነሩ ቢያንስ አንድ ተራ ያገኛል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በተገለበጠ ካርድ ላይ የሚፈጸመው ስህተት ነው። ኩባንያው 1 ክሊክና 1 ክሬዲት ከፍሎ ምልክት ሊያኖርባቸው የሚችለው አጀንዳዎችንና «ሊያድግ ይችላል» ተብሎ የተጻፈባቸውን ካርዶች ብቻ ነው። ጀማሪዎች ተቃዋሚን ለማሳሳት ሲሉ በማንኛውም አሴት ላይ ምልክት ይደረድራሉ፤ ማሳሳት የተፈቀደ መሆኑ ግን ለማሳሳት በተሠሩ ካርዶች የተወሰነ ነው። ካርዱ ተገልብጦ ሳለ ራነሩ ሊያጣራ ስለማይችል፣ ደንቡን የማስከበር ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ በኩባንያው ተጫዋች ላይ ይወድቃል። በአንድ ርቀት ሰርቨር፣ ማለትም ኩባንያው በጨዋታው ሂደት በሚፈጥረው ሰርቨር፣ ውስጥ ከአጀንዳ ወይም ከአሴት አንድ ብቻ እንደሚኖር መዘንጋትም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ ሲገባ የቀድሞው ይወገዳል።

ራነሩ ሰርቨሩ ውስጥ ከደረሰ በኋላ የሚሳሳታቸው ነገሮች ያነሱ ቢሆኑም ውጤታቸው ከባድ ነው። ያገኘውን አጀንዳ መስረቅ ግዴታው ሲሆን፣ የማስወገጃ ዋጋ ያለውን ካርድ ከፍሎ ማስወገድ ግን ምርጫው ነው። ከአር ኤንድ ዲ፣ ማለትም ከኩባንያው የመሳቢያ ክምር፣ ብዙ ካርዶችን የማየት መብት ሲያገኝ ከላይ ጀምሮ በቅደም ተከተል ያያቸዋል፤ ያልተሰረቁትና ያልተወገዱት በነበሩበት ቅደም ተከተል ይመለሳሉ እንጂ አይበወዙም። አርካይቭስ፣ ማለትም የኩባንያው የተጣሉ ካርዶች ክምር፣ ሲወረር የተገለበጡት ሁሉ ይገለጣሉ፤ ስለዚህ ኩባንያው ካርዶቹን ሲጥል የትኛው ፊቱ ወደ ላይ፣ የትኛው ወደ ታች እንደሆነ ሳያምታታ መያዝ አለበት።

ጉዳት ሲደርስበት ራነሩ የሚጥላቸውን ካርዶች ራሱ መርጦ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ካርዶቹ የሚወሰኑት በዕጣ ነው። በእጁ 3 ካርድ ይዞ 3 ጉዳት የደረሰበት ራነር ባዶ እጁን ቢቀርም በሕይወት አለ፤ የሚሞተው ጉዳቱ 4 ሲሆን ነው። የአንጎል ጉዳት ከዚህ በላይ በእጅ ሊያዝ የሚችለውን የካርድ ብዛት በቋሚነት በአንድ ይቀንሳል፤ መደበኛው ብዛት 5 ነውና፣ ይህን መቁጠር የረሳ ተጫዋች በተራው መጨረሻ መጣል የነበረበትን ካርድ ይዞ ይቀጥላል።

የክምር ማለቅም ለሁለቱ ወገኖች አንድ ዓይነት ፍርድ የለውም። የራነሩ ክምር ቢያልቅ በእጁና በጠረጴዛው ባለው ይጫወታል፤ ኩባንያው ግን በየተራው መጀመሪያ ያለ ክሊክ አንድ ካርድ የመሳብ ግዴታ ስላለበት፣ ክምሩ ባዶ ሆኖ መሳብ ሲያቅተው ወዲያውኑ ይሸነፋል፤ ራነሩ 7 የአጀንዳ ነጥብ መሙላት አያስፈልገውም።