የተማሪዎችን የምሳ ሰዓት ስናራዝም የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ በአንድ የሙሉ ቀን ትምህርት ቤት የምሳ ተረኛ መምህር ሆኜ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ በወላጆች ስብሰባ «ለምሳ 10 ደቂቃ ጨምረናል» ተብሎ ሲጨበጨብ፣ በማግስቱ ግን ልጆቹ እንደ ወትሮው ግማሹን እንጀራ ወደ ቤታቸው ሲመልሱ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ዋናው ስህተት የምሳን ጊዜ ከደወል እስከ ደወል መቁጠር ነው። ልጁ መብላት የሚጀምረው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ እንጂ ደወሉ ሲደወል አይደለም። 60 ተማሪዎች በ2 ቧንቧ ቢታጠቡና ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ደቂቃ ቢበቃቸው፣ የመጨረሻዎቹ ታጥበው የሚጨርሱት ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ያውም ውኃው ካልተቋረጠ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ቢያንስ 20 ደቂቃ ይሰጥ ሲል «ከተቀመጡ በኋላ» ብሎ የሚለየው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናትም ከዚያ ያነሰ ጊዜ ያገኙ ተማሪዎች ዋናውን ምግብ 13 በመቶ ያህል አሳንሰው እንደበሉ አሳይቷል። ስለዚህ ደቂቃ ከመጨመር በፊት ቧንቧ የተገጠመላቸው በርሜሎች ይጨመሩ፤ የታችኛዎቹ ክፍሎችም 5 ደቂቃ ቀድመው ይውጡ።

ይህን የተማርኩት በኀፍረት ነው። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ምሳዋን ሳትነካ ስለምትመልስ እናቷን አስጠርተን፣ «ልጅዎ ሽሮ ሰልችቷት ይሆናል» ብለን መከርናቸው። በማግስቱ ሰልፉ ዳር ቆሜ ስመለከት፣ ትልልቆቹ እየገፏት ከሁሉም ኋላ ቀርታ ቧንቧው ጋ ስትደርስ የመግቢያው ደወል ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ነበር። እናትየውን ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመምህራን ነው፤ «ይቺን ገልብጣችሁ ውጡ» እያልን ከምሳቸው ላይ የምንቆርሰው ጊዜ በየትኛውም መርሐ ግብር ላይ አይታይም። እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። ረባሽን ምሳ በማዘግየት ስለሚቀጡት ግን ምንም አልልም፤ ነገሩ በራሱ ነውር ነው።

ዓርብ ለጁምዓ ሶላት የሚሰጠውን ረጅም ዕረፍት አይቶ «የእኛ ልጆች ጊዜ አላቸው» ማለትም ስህተት ነው። ሰዓቱ የሶላት ነው፤ ደግሞም የቀሩትን አራት ቀናት አይመግብም።

የጅማን ዝናብ ረስቶ የሚያቅድ ሰው ይገርመኛል። በመስከረም ከዛፍ ሥር ሊበሉ የታሰቡ ልጆች ወደ በረንዳ ሲሸሹ፣ ቦታ ፍለጋው ብቻ የተጨመረውን ጊዜ ይበላዋል፤ ዝናብ ሲጥል የትኛው ክፍል የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይወሰን።

ጨዋታንም ከምሳ በኋላ ብቻ አታድርጉት፤ የኳስ ድምፅ የሰማ ልጅ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሣል።

ወላጆችም አንድ ነገር አስተውሉ። ክዳኑ የሚጠብቅ ምሳ ዕቃ ለአንደኛ ክፍል ልጅ አትግዙ፤ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ቢያንስ 10 ምሳ ዕቃ የምከፍተው እኔ ነኝ።