አዲሱን ቡችላ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን እንዴት እናምጣው?

የመጀመሪያ ቡችላዬን የተቀበልኩት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ። አርቢው አዲስ አበባ ሆኖ ደወለና «በሹፌር ልኬልሃለሁ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ በሲባጎ የታሰረ የብስኩት ካርቶን አወረደልኝ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ካርቶኑን ስከፍተው ቡችላው ጥግ ይዞ ተጠቅልሏል። ጆሮው በረዶ ሆኗል። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ድዱ ነጭ ነው። ጃኬቴን ከፍቼ ደረቴ ውስጥ አስገባሁትና እዚያው አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። አንዲት ባለሱቅ እናት ማር ሰጡኝ። በጣቴ እየነካሁ ድዱን ቀባሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጣቴን መላስ ሲጀምር እንባዬ መጣ።

ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ግን ውሻ ልግዛ ለሚለኝ ሁሉ አንድ ነገር እላለሁ፦ ቡችላ በሹፌር አይላክም። ሄዳችሁ አምጡት። እኛ አካባቢ መድኃኒቱም፣ ሰነዱም፣ ስልኩም በሹፌር ይላካል፤ ለዕቃ ጥሩ ነው። ቡችላ ግን መንገዱን ሙሉ የሚያየው ሰው ይፈልጋል። ያ ቀን ከእናቱም ከወንድሞቹም የተለየበት የመጀመሪያ ቀኑ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ

የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜው ነው። ቡችላ 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ መለየት የለበትም። ብዙ ሻጭ «ወር ከአስራ አምስት ቀን ሆኖታል፣ ይበላል» ይላል። መብላቱ ብቻውን አይበቃም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከወንድሞቹ ጋር ሲናከስና ሲጫወት ነው የጥርሱን ልክ የሚማረው። አጥብቆ ሲነክስ ሌላኛው ይጮኽና ጨዋታው ይቆማል። ይህን ሳይማር የመጣ ቡችላ ልጆቻችሁን ይነክሳል፣ ብቻውን ሲሆንም አብዝቶ ያለቅሳል። ስለዚህ ሻጩ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሊሰጣችሁ ቢቸኩል ቀብድ ክፈሉና «እዚያው ይቆይልኝ» በሉ። ለቀለቡ ጨምሩለት። የማይቆጭ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው የክትባት ካርዱ ነው። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉትን ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች የሚከላከለው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ ከዚያ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16ኛው ሳምንት ይሄዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 3 ወር ሲሞላው ነው። የትል መድኃኒት ግን ገና በ2 ሳምንቱ ይጀመራል። የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም አስልኩ። ቀኑ፣ የክትባቱ ስምና የሐኪሙ ማህተም ይታይ። «ሁሉንም ወስዷል» የሚል ቃል ካርድ አይደለም።

ሦስተኛው ምን እየበላ እንዳደገ ነው። ሩዝ በሥጋ ይሁን፣ ዳቦ ይሁን፣ የተገዛ የውሻ ምግብ ይሁን፣ ያንኑ ለአንድ ሳምንት የሚሆን ያዙ። ቤቱም ምግቡም በአንድ ቀን ከተቀየረበት ተቅማጥ ይይዘዋል። የላም ወተትም አታስለምዱት። ብዙዎቻችን ለቡችላ መጀመሪያ የምንሰጠው ወተት ነው፣ ሆዱን የሚያበላሸውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሳጥኑን አዘጋጁ

ክዳን ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ካገኛችሁ እሱ ይመረጣል፤ አየር ያስገባል፣ ይታጠባል። ካርቶን ከሆነ ጠንካራውን ምረጡ። ስፋቱ ቡችላው እንዲቆም፣ እንዲዞርና እንዲተኛ የሚያስችል ይሁን። በጣም ሰፊ ከሆነ ደግሞ መኪናው በታጠፈ ቁጥር ይንከባለላል። ቀዳዳዎቹን በአራቱም ጎን፣ ከፍ አድርጋችሁ ብሱ። ታች ብቻ ከተበሳ ጨርቁ ይደፍነዋል። ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዕቃ ሲጫንበት ያበቃል።

ካርቶን ሲሽናበት ታቹ ይላላና ይቀደዳል። መጀመሪያ ፌስታል፣ ከዚያ ወፍራም ጋዜጣ፣ ከላይ ጨርቅ አንጥፉ። መቀየሪያ ጋዜጣ፣ ሶፍትና ትርፍ ፌስታል ያዙ፤ ያስፈልጋችኋል።

ጨርቁ ግን ከቤታችሁ የወሰዳችሁት ንጹህ ፎጣ ባይሆን ደስ ይለኛል። አርቢውን «እናቱ የተኛችበትን ጨርቅ ስጠኝ» በሉት። ይቆሽሻል፣ ይሸታል፤ የምንፈልገውም ሽታውን ነው። ከእናቱ የሚቀርለት እሱ ነው። ሁለተኛውን ቡችላዬን ሳመጣ አፍንጫውን በዚያ ጨርቅ ውስጥ ቀብሮ ከሰንዳፋ እስከ ጫጫ ተኝቷል።

የጉዞው ዕለት

ማለዳ ጉዞ ይሻላል። በቀን ብርሃን እቤት ደርሶ ግቢውን አሽትቶ፣ በልቶ፣ ሸንቶ መተኛት አለበት። ማታ የደረሰ ቡችላ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል።

ምግብ ከመነሳታችሁ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ቀድሞ፣ ትንሽ ብቻ ይብላ። አርቢውን ማታውኑ ደውላችሁ አስታውሱት፤ ካልሆነ ለመሰናበቻ ብሎ ጥግብ ያደርገዋል። ቡችላ መኪና ውስጥ ቶሎ ያስታውከዋል፤ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮው ገና አልጠነከረም። ይሁን እንጂ «እንዳያስመልስ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ማስራብም አደጋ አለው። በተለይ ትናንሽ ዝርያዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር በፍጥነት ይወርዳል። መፍዘዝ፣ መንቀጥቀጥ፣ አንገቱን መሸከም አለመቻል ምልክቱ ነው። በኪሳችሁ ትንሽ ማር ያዙ። እንዲህ ሲሆን ድዱን ቀቡት፣ አሙቁት፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። መዋጥ ካቃተው አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ።

መኪና ውስጥ

የራሳችሁ መኪና ካላችሁ ሳጥኑ ከፊት መቀመጫ ጀርባ፣ ወለሉ ላይ ይቀመጥ። የፊት ወንበር ላይ አይሆንም፤ ግጭት ቢፈጠር ኤርባጉ ይገድለዋል። ዕቅፍ ውስጥ መያዝም ያምራል እንጂ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ያመልጣችኋል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትታችሁት ምሳ አትግቡ። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድነውም።

በሚኒባስ ከሆነ ከላምበረት መናኸሪያ ስትሳፈሩ ረዳቱን አስቀድማችሁ አናግሩት። እኔን እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ እሱን ከላይ እንሰረው።»

«ነፍስ ያለው ነገር ነው። የአንድ ሰው ሒሳብ እከፍላለሁ፣ አጠገቤ ይሁን።»

«እንደዛ ካልክማ ግባ።»

ያለቀው በዚህ ነው። የአንድ ሰው ሒሳብ የምትከፍሉት ለቡችላው ሕይወት ነው፣ አትከራከሩ። ጋቢና ግን አትቀመጡ። የብዙዎቹ ሚኒባሶች ሞተር ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ወለሉ ይግላል። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ረድፍ፣ መስኮት ዳር ጥሩ ነው። አጠገባችሁ የሚቀመጠውን ሰው «ቡችላ ይዣለሁ፣ ይረብሽዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። በሃይማኖቱ የተነሳ ውሻ ልብሱን እንዲነካው የማይፈልግ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ክዳኑ ዝግ ይሁን፣ ካስፈለገም ቦታ ቀይሩ።

መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲያለቅስ ከፍታችሁ አታውጡት። ጣታችሁን በቀዳዳው አስገቡና ያሽትታችሁ። በቀስታ አናግሩት። ስም አውጥታችሁለት ከሆነ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ጥሩት። አብዛኛው ቡችላ ጉዞው ሲቀጥል እንቅልፍ ይወስደዋል። ዝም ሲል ግን አትርሱት፤ በየግማሽ ሰዓቱ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ እዩት። ድዱ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው። ከነጣ፣ ከጠቆረ ወይም ለሃጩ እየተዝረከረከ ያለማቋረጥ ካለከለከ ሹፌሩን አስቁሙት።

መሬት አታስነኩት

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ብዙ ቡችላ የሚሞተውም በዚህ ነው። ሸኖ ላይ ሰው ቅቤ ሊያይ ሲወርድ «እስኪ ይሽና» ብላችሁ መንገድ ዳር ታወርዱታላችሁ። እዚያ ስንት ውሻ እንዳለፈ አይታወቅም። የፓርቮ ቫይረስ የታመመ ውሻ የተጸዳዳበት አፈር ላይ ለወራት ይቆያል። አንድ ክትባት የወሰደ ቡችላ ገና ሙሉ መከላከያ የለውም። ከተያዘ ያስታውካል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በሽታው የሚወጣው ከተያዘ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ስለሆነ ገዢው «የታመመ ሸጡልኝ» ብሎ ሻጩን ይከሳል። አንዳንዴ እውነት ነው። አንዳንዴ ግን በሽታው የተነሳው ከመንገድ ዳር ነው።

ስለዚህ ሽንቱን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ፣ ጋዜጣው ላይ ይሽና። እናንተ ቀይሩለት። ውሃ በክዳን በጥቂቱ ስጡት። ለማዳ ውሾች ቢመጡ አታስጠጉ፣ ልጆችም እየተቀባበሉ አይያዙት። እቤት ስትደርሱ ጫማችሁን በበረኪና ውሃ እጠቡት።

ከደብረ ብርሃን አልፋችሁ የምትሄዱ ከሆነ

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። መሀላቸው 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ ውስጥ ስትገቡ ያለበሳችሁት ጨርቅ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ያፍነዋል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ጨርቁን እየቀነሳችሁ ውረዱ። ጠመዝማዛው ላይ ማስታወኩ አይቀርም፤ ሶፍቱን ወደ ላይ አውጡት።

ወደ መንዝ ለምትወስዱት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የጓሳ ሜዳ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፣ የቀረውም በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ተራሮች ላይ ከውሻ የተነሳ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል። ለበግ ጥበቃ የምትወስዱት ቡችላ 3 ወር ሲሞላው ክትባቱን ሳይወስድ ሜዳ አይውጣ።

የመጀመሪያዋ ሌሊት

ስትደርሱ መጀመሪያ የሚሸናበትን ቦታ አሳዩት። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ትንሽ ምግብ። ጎረቤት ለቡና ተጠርቶ «ቡችላውን እንየው» ቢል ለነገ በሉት። ዛሬ ብዙ አይቷል።

ከኅዳር እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ውርጭ ይጥላል። ሳጥኑን በር ወይም ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጡ፤ ከሥሩ ዝተት ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ ይደረግ። ሃይላንድ ለብ ባለ ውሃ ሙሉ፣ በካልሲ ጠቅልሉና አጠገቡ አስተኙት። ተጠግቶ ይተኛል፣ ወንድሙ ይመስለዋል። ከሰል ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ቡችላውንም እናንተንም በእንቅልፋችሁ ይወስዳል።

ሳጥኑ አልጋችሁ አጠገብ ይሁን። ሲያለቅስ እጃችሁን ዘርጉለት። ሌሊት አንድ ሁለት ጊዜ አውጥታችሁ አሸኑት።

ጥርሱ ወይም ጥፍሩ ቆዳችሁን ቢያደማ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ትንሽ ቡችላም የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ አይድንም ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በዚያው ሳጥን አድርጋችሁ፣ መሬት ሳታስነኩ፣ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። ካርዱን አሳዩ። ሐኪሙ የሚቀጥለውን ቀን ሲጽፍላችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉት።