«እንጨቱ ወተት መሰለ»፦ የድሮ መርሴዲስ ቪኒር ችግርና መፍትሄ

ሐምሌ ላይ የአጎቴን መርሴዲስ የውስጥ እንጨቶች ፈትቼ፣ እዚሁ ጅማ በረንዳችን ላይ ቫርኒሽ ነፋሁባቸው። ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ቸኩያለሁ። አቦሉ ሳይቀዳ እንጨቱ ወተት የተደፋበት መሰለ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

መኪናው ደብልዩ 126 የሚባለው ሞዴል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1991 የተመረተው። የመሃል ኮንሶሉ እንጨት ድፍን ጣውላ ይመስላል እንጂ ቪኒር ነው፤ ከ1 ሚሊሜትር የሳሳ የእንጨት ልጣጭ። ይህን የረሳ ሰው በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ፍቆ ይበሳዋል።

አዲሱ ቫርኒሽ ነጣ

ከዚህ ልጀምር፤ ጅማ ላይ ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ናይትሮ በሚባለው ቶሎ ደራቂ ቫርኒሽ ውስጥ ያለው ቲነር ቶሎ ይተናል። ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ውሃው እንደ ጤዛ ያርፍበትና ቫርኒሹ ውስጥ ይታሰራል። ነጩ ነገር እሱ ነው።

እንዳትፍቁት! ዝናብ ያባራበት ቀን ጠብቁ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር በጣም በስሱ ንፉበት። ቫርኒሹ መልሶ ይለሰልስና እርጥበቱን ይለቃል። የእኔ በሁለተኛው ዙር ጠራ። ለወደፊቱ እንጨቱንም ቫርኒሹንም ቀድማችሁ ደረቅ ክፍል ውስጥ አሳድሩ።

ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚጨመርበት የመኪና ክሊር፣ ማለትም ቀለም አልባው ቫርኒሽ ከሆነ ግን ቲነር አያድነውም። እሱን ስትነፉ ደግሞ ተራ ማስክ አይበቃም፤ ሳንባ ይጎዳል። የጋዝ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ከሌላችሁ ለባለሙያ ስጡት።

አሮጌው ቫርኒሽ ተሰነጣጠቀ

ፀሐይ ነው። ቫርኒሹ ደርቆ መለጠጥ ያቅተዋል፤ እንጨቱ ግን በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል። የቀለም ማስለቀቂያ ቀቡና ሲያኮርፍ በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱት። ከዚያ በእጅ ብቻ፣ በእንጨቱ መስመር ልክ፣ በ240 ቁጥር ከዚያም በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ማሽን አይንካው።

ቪኒሩ ተነፋ

በጥፍራችሁ ኳ ኳ አድርጉ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ኮላው ለቋል ማለት ነው። በአዲስ ምላጭ በመስመሩ ልክ ሰንጥቁ፣ በሲሪንጅ ነጭ ኮላ አስገቡ፣ ፌስታል አልብሳችሁ ጣውላ ደርቡበትና በሞርሳ አንድ ቀን እሰሩት። ፌስታሉን ከረሳችሁ ጣውላውም አብሮ ይለጠፋል (አይቻለሁ)። ጎባጣ ቦታ ከሆነ አሸዋ የሞላ ከረጢት ጫኑበት። ከስሩ ያለው አሉሚኒየም ከሆነ ነጭ ኮላ ብዙም አይዝም፤ ኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ) ይሻላል።

ጥቁር እድፍ

ውሃ፣ የዛገ ብሎንና ታኒን የሚባለው የእንጨቱ የተፈጥሮ ንጥረ ነገር ሲገናኙ የሚፈጥሩት ነው። ቫርኒሹ ከተነሳ በኋላ በውሃ የሟሟ ኦግዛሊክ አሲድ ያነጣዋል። መርዝ ነው፤ ጓንት አድርጉ፣ በኋላም በውሃ በደንብ ጥረጉት።

ቁራጭ ጎደለ

የጅማ በርጩማ የሚሠሩ አናጺዎች ጋ ሂዱና ስስ የዋንዛ ቁራጭ ለምኑ። መለጠፊያውን አራት ማዕዘን አታድርጉት፤ ሁለት ጫፉ እንደ ታንኳ የሾለ ይሁን፣ መገጣጠሚያው ከመስመሩ ጋር ይደበቃል። ዋንዛ ቀለም ሲቀባ ወደ ዋልነት እንጨት መልክ ይጠጋል። ዜብራኖ የሚባለውን ባለ ሰረዝ እንጨት ግን በዋንዛ አትሞክሩት፤ ከሩቅ ያስታውቃል።

መልሳችሁ ከመግጠማችሁ በፊት፣ በፊት መስታወቱ ዙሪያ ውሃ አፍሱና የመስታወቱ ጎማ ውሃ ያስገባ እንደሆነ እዩ። የአጎቴ ያስገባ ነበር። እንጨቱ እስካሁን አልተገጠመም፤ የመስታወት ጎማ እየፈለግን ነው።