ድምፅ አልባው ጥይት ልብ ወለዳችሁ ውስጥ ሲከሽፍ፦ ችግርና መፍትሄ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከባቲ ወጣቶች የሳይንስ ልብ ወለድ ረቂቅ ይልኩልኛል። ዓለሙ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ዘመኑ ሩቅ ነው። አገዛዙ ጨካኝ ነው። ሰማዩ በድሮን ተሞልቷል። ጀግናው ደግሞ የማይሰማና የማይታይ ጥይት አለው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ብልሽቱ ግን እየተደጋገመ ስለመጣ መፍትሄውን እዚህ ላስቀምጠው። ፊደል ማረሙን፣ የገጸ ባሕርያት ስም እንዳይምታታ መጠበቁን የመሳሰለውን ታውቁታላችሁ።

ምልክት፦ ጥይቱ ተተኮሰ፣ ዘበኛው ወደቀ፣ ማንም አልሰማም። አንባቢው ግን አልደነገጠም።

መንስኤ፦ ጸሐፊው አፈሙዙን ብቻ ዘግቶ ሄዷል። ይህን ነው በየረቂቁ የማገኘው። ተኩስ አንድ ድምፅ አይደለም። ባሩዱ ሲቃጠል ከአፈሙዝ የሚወጣው ፍንዳታ አለ። ጥይቱ ከድምፅ ፈጥኖ ሲበር አየሩን ሰንጥቆ የሚያሰማው ሌላ ጩኸት አለ። ይሄኛው አፈሙዝ ላይ ምንም ብትገጥሙ አይጠፋም። ጥይቱ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። የመሣሪያው ብረት ይንቋቋል። የተመታው ነገር ይጮኻል። የሞተው ሰው ደግሞ የሆነ ነገር ላይ ነው የሚወድቀው፤ ቆርቆሮ ላይ ከሆነ ሰፈሩ ይነሳል። በዚያ ላይ ደሴ በተራራ ተከባ የተቀመጠች ከተማ ናት። ገደሉ የሰማውን መልሶ ይናገራል።

አንድ ልጅ ጀግናውን ደሴ አጠገብ ያለው ጦሳ ተራራ ላይ አስቀምጦ የከተማዋ ፒያሳ የቆመ ዘበኛ አስመታው። ጥይቱ ከድምፅ 5 እጥፍ ይፈጥናል ብሏል። ከተማው ጭጭ። ለምን ስለው «ጋሼ፣ የወደፊት ዘመን እኮ ነው» አለኝ። ዘመኑ ይለወጥ፣ አየሩ ግን ያው አየር ነው። አየሩንም ከለወጣችሁት ንገሩን። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥይት ከድምፁ ቀድሞ ይደርሳል። የተመታው ሰው ምንም አይሰማም። አጠገቡ ያሉት አየሩ ሲሰነጠቅ ወዲያው ይሰማሉ፣ የአፈሙዙን ፍንዳታ ግን እሱ ከወደቀ በኋላ። ልጁ ምዕራፉን እንደገና ጻፈው። አየሩ ጯ ይላል። ዘበኛው ይወድቃል። ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ አዙሮት መስሏት «እኔን!» ብላ ልታነሳው ጎንበስ ትላለች። የአፈሙዙ ፍንዳታ ያኔ ይደርሳል። እጇ ትከሻው ላይ እንዳለ ቀና ብላ ተራራውን ታያለች። ስለ ጥይቱ አንድ ተጨማሪ ቃል አላስፈለገም።

ሌላዋ ብልህ ነበረች። ጥይቷን ከድምፅ ፍጥነት በታች አደረገችው። በሰከንድ 345 ሜትር ብላ ቁጥሩንም ጻፈች። ጥይቱ ከአፋር ቆላ ተነስቶ በባቲ በኩል በኮንትሮባንድ ወደ ደሴ ይወጣል። ይሄ የቁጥር ስህተት የተሻለ ታሪክ ይዞ መጣ። ድምፅ በ20 ዲግሪ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ40 ዲግሪ 355 ይጠጋል። በ10 ዲግሪ ወደ 337 ይወርዳል። ቆላ ላይ ዝም ያለው ጥይት የደሴ ብርድ ውስጥ ይጮኻል ማለት ነው! ሻጩ አልዋሸም። ገዢውም አልተሳሳተም። ሰው ግን ተያዘ። ክህደት ፍለጋ ስትባዝን የነበረችው ደራሲ ክህደቱን ከአየሩ አገኘችው።

መፍትሄ፦ ወረቀት ላይ ድምፆቹን በየተራ ጻፉ። በእያንዳንዱ ጎን «ይሄ የት ሄደ?» ለሚለው መልስ አስቀምጡ። ከዚያ አንዱን ሳታጠፉ ተዉት፣ ለአንድ ሰው ጆሮም ስጡት። አገዛዙ በየጣሪያው ማይክሮፎን ተክሎ ከሆነ ደግሞ ያቺ አንዷ ድምፅ ትበቃዋለች። ድምፁ ለየማይክሮፎኑ የደረሰበትን የሰዓት ልዩነት አነጻጽሮ ቦታውን ያገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉንም ድምፅ አታጥፉ። ሁሉም ከጠፋ ፍርሃቱም ይጠፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ «በልዩ ቴክኖሎጂ» የሚለውን ሐረግ ካየሁ ረቂቁን እመልሳለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቪዲዮ ጌም የተቀዳ ስምና ቁጥር ለጥይታችሁ አትለጥፉ። ርካሽ ዕቃ ነው። የራሳችሁን ዓለም ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሩት አስቡ። ገበያ ላይ በሹክሹክታ የሚጠሩበት ስም ይኖራቸዋል።

ምልክት፦ ጥይቱ በጨለማ አልታየም፤ የአገዛዙ ድሮን ግን ሙቀት የሚያይ ካሜራ አለው ተብሎ ከ10 ገጽ በፊት ተጽፏል።

መንስኤው ግድየለሽነት ነው። ጥይት ከባሩዱም፣ ከአፈሙዙም፣ ከአየሩ ፍትጊያም ይሞቃል። ሌሊቱ በቀዘቀዘ ቁጥር ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ወይ ካሜራውን አሳውሩት፣ ወይ ጥይቱን የሚያቀዘቅዝ ነገር ፈልጉና ዋጋውን ንገሩን።

ምልክት፦ መሣሪያው ድንቅ ነው፣ ማንም ግን አይመኘውም።

መንስኤ፦ የሠራው ሰው የለም። ከሰማይ የወረደ ዕቃ ነው። እኛ ወሎዬዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም፣ መቅደላ እዚሁ ናት። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነው ያሠሩት። 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ይህን ብረት በዚያ ገደል ሰው በገመድ ጎትቶ፣ ፊት ፊቱ መንገድ እየተጠረገ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አደረሱት። መድፉ ከነጉተታው ነው እስከ ዛሬ የሚወራው። እናንተም ጥይታችሁን የሚጎትት ሰው ስጡት። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። የሌሊት ፈረቃ የምትገባ አንዲት ሠራተኛ በቀን አንድ ፍሬ ጥይት ብታወጣ፣ ስትወጣ ስንት በር ላይ ትፈተሻለች? እጇ ላይ ምን ሽታ ይቀራል? እናቷ ምን ትላታለች? ጥይቱ መተኮስ ሳይጀምር አንባቢው ለእሷ መስጋት ይጀምራል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ፦ ቀለሁ መሬት ላይ ከቀረ ያነሳው ማን እንደሆነ ጻፉ። ጥይቱ በጨረር የሚመራ ከሆነ የክረምቱ ጉም ጨረሩን ይበትነዋልና ወሩን አስቡበት። አንባቢ «ታዲያ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ለምን አልተኮሰም?» ካለ ጥይቱ በዝቷል ማለት ነው። ሦስት ብቻ ስጡት፣ በየምዕራፉም ስንት እንደቀረው አስታውሱን።