በስተር ኪተንን ለማየት ከየት ይጀመራል?

በስተር ኪተን አሜሪካዊ የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን ነው። ከፊልሞቹ "ምርጡ ዘ ጄኔራል ነው" ሲባል ሰምቼ ከእሱ ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ሳልደርስ ዘጋሁት። ጥፋቱ የፊልሙ አልነበረም፤ ስልኬን እየነካካሁ ነበር የማየው። ሌላ ፊልም ላይ ዓይን ቢዘናጋ ጆሮ ታሪኩን ይይዛል። ድምፅ አልባ ፊልም ላይ ግን ዞር ካላችሁ አመለጣችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

በ1920 በተሠራው "ዋን ዊክ" ጀምሩ። ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። አዲስ ተጋቢዎች በሳጥን ተከፋፍሎ የመጣላቸውን ቤት ራሳቸው ይገጣጥማሉ። አንድ ቀናተኛ ግን የሳጥኖቹን ቁጥር ቀይሮባቸዋል። ቤቱ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም።

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ሳቁ። ስትደግሙት ካሜራው የት እንደቆመ ልብ በሉ። ራቅ ብሎ ነው፤ ኪተን ከራሱ እስከ እግሩ ይታያል። ሲወድቅም ምስሉ ቶሎ አይቆረጥም፤ የምር መውደቁን እንድናይለት ይፈልጋል። አወዳደቁን የተማረው በልጅነቱ ነው። በ1895 ካንሳስ ውስጥ ተወልዶ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ከወላጆቹ ጋር መድረክ ላይ ወጣ። አባቱ እያነሳ ይወረውረዋል፣ ተመልካቹ ይስቃል። እሱ ፊቱን ካላፈታ ሳቁ እንደሚበዛ ያኔ ገባው። ያ ፈገግታ የሌለው ፊት ከዚያ የመጣ ነው። በ1917 የፊልም ኮሜዲያኑ ሮስኮ አርባክል ኒው ዮርክ ውስጥ ወደ ፊልም አስገባው።

ቀጥሎ የ1924ቱን "ሸርሎክ ጁኒየር" እዩ። ባቡር ጣሪያ ላይ እየሮጠ የውኃ ማማ ቱቦ ላይ የሚንጠለጠልበት ቦታ ሲደርስ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ውኃው ሐዲዱ ላይ ያወርደዋል። ተነስቶ ይሮጣል። አንገቱ ያኔ ተሰብሮ ነበር፤ የታወቀው ግን ከዓመታት በኋላ በራጅ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያን ቦታ ሳይ እጄ ወደ አንገቴ ይሄዳል።

አሁን ለ"ዘ ጄኔራል" ደርሳችኋል። በ1926 ኦሪገን ውስጥ የተቀረጸ ነው። ከድልድዩ ጋር ወንዝ ውስጥ የሚገባው ባቡር እውነተኛ ባቡር ነው። ያን ጊዜ ፊልሙ ገንዘብ አላመጣም፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥበት አላየሁም። በ1928ቱ "ስቲምቦት ቢል ጁኒየር" ደግሞ የቤት ፊት ለፊት ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል። የተረፈው በመስኮቱ ክፍተት ትክክል ስለቆመ ነው።

በዚያው ዓመት ኤምጂኤም የሚባለው ትልቅ የሆሊውድ ስቱዲዮ ገባ። የመጀመሪያውን "ዘ ካሜራማን"ን እዩት፣ ግሩም ነው። ከዚያ በኋላ ስቱዲዮው በሥራው ላይ የነበረውን ሥልጣን ወሰደበት። የ1930ዎቹ መጀመሪያ ባለድምፅ ፊልሞቹን ለጊዜው እለፏቸው፤ ሰውየውን በደንብ ሳትወዱት ካያችኋቸው ያሳዝኗችኋል።

ይልቅ ወደ 1965 ዝለሉና "ዘ ሬልሮደር"ን አግኙ። ካናዳ የተሠራ አጭር የቀለም ፊልም ነው። ሰባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ኪተን በትንሽ የሐዲድ መኪና ካናዳን ያቋርጣል። አይናገርም። ባርኔጣው ያው የድሮው ዓይነት ነው።