በፐርፊውዥን ሲሙሌሽን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሲቲ ፐርፊውዥን (የአንጎልን የደም ፍሰት በሲቲ ስካን በሚለካ ምርመራ) መነሻ የሚሆነው የኮንትራስት (ደም ውስጥ ተወግቶ በምስሉ ላይ ጎልቶ የሚታይ ፈሳሽ) የጊዜ ኩርባ የሚለካው ከአንድ ትልቅ ደም ቅዳ ላይ ነው። ኮንትራስቱ ከዚያ እስከ አንጎል ሕዋሳት ሲጓዝ ይበታተናል፤ ይህ ካልታረመ የደም ፍሰቱ ከእውነቱ አንሶ ይነበባል። ሲሙሌሽን (ፍሰቱን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት) የሚያስፈልገው መበታተኑን ለማስላት ነው።

ትልቁ ስህተት ሜሹን (የደም ሥሩ ሞዴል ለስሌት የተከፋፈለበትን መረብ) በደሙ ፍጥነት ብቻ መፈተሽ ነው። ሜሹ ይበልጥ ደቃቅ ሲደረግ ፍጥነቱ ካልተለወጠ ብዙዎች በቃ ይላሉ። ኮንትራስት ግን በራሱ የሚሰርገው እጅግ በዝግታ ነው፤ አንደኛ ደረጃ አፕዊንድ (ዋጋን ፍሰቱ ከሚመጣበት ጎን ብቻ የሚወስድ የስሌት ዘዴ) ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ሐሰተኛ ስርገት ያስገባል። የሚያሳስተው ደግሞ ኩርባው አምሮ መውጣቱ ነው፦ ግድግዳውን ታኮ መዘግየት የነበረበት ኮንትራስት ወደ መሃል ተቀላቅሎ ቶሎ ይወጣና ጅራቱ ያጥራል።

ከታካሚው ሞዴል በፊት ቀጥ ያለ ቱቦ ይሞክሩ፦ ዲያሜትሩ 4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሴንቲ ሜትር። መግቢያው ላይ ፍሰቱን ፓራቦላዊ ያድርጉ፤ ኮንትራስቱን በአንዴ ከፍተው ይተዉት። መውጫው ላይ ከ0.5 ሰከንድ በፊት ምንም መታየት የለበትም። በፍሰት የተመዘነው የኮንትራስት አማካይ በ1 ሰከንድ የመግቢያውን 75 በመቶ፣ በ2 ሰከንድ 94 በመቶ መድረስ አለበት። በ1.5 ሰከንድ ከሞላ ሜሹ እየዋሸ ነው፤ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ስሌት ይለፉ፣ ግድግዳው አጠገብ ስስ ንብርብሮች ይጨምሩ።

መውጫዎችን በሙሉ ዜሮ ግፊት መስጠትም የተለመደ ነው። ያኔ ደሙን የሚያከፋፍለው የተቆረጠው ሥር ቅርጽ ይሆናል፤ ዋናው ተቃውሞ ያለው ግን ሞዴሉ ባልያዛቸው ቀጫጭን ሥሮች ነው። ለየመውጫው ተቃውሞ ይስጡ። የተለካ ነገር ከሌለ ፍሰቱን በዲያሜትሩ ኩብ ማከፋፈል ለመነሻ ያህል ይሆናል።

ሄማቶክሪትን (ቀይ የደም ሴሎች ከደሙ የሚይዙትን ድርሻ) መርሳት፦ ኮንትራስት ቀይ የደም ሴል ውስጥ አይገባም። በትልቁ ሥር 0.45፣ በቀጭኑ 0.25 ከተያዘ ማረሚያው 0.73 ነው፤ ከተዘነጋ የደም መጠኑ በ36 በመቶ ገደማ ይጋነናል። ታካሚው ከሱሉልታ ወይም ከእንጦጦ ስለመጣ ብቻ «የደጋ ሰው ደሙ ወፍራም ነው» ብሎ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ አያዋጣም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን ከቆላ ሰው እንደማይለይ አሳይቷል። የላብራቶሪውን ውጤት ይጠቀሙ።

ቱሉ ዲምቱ ወይም ቂሊንጦ ሆኖ ለሚያሰላ መብራትም የስሌቱ አካል ነው። ኦፕንፎም (የፈሳሽ ፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር) ላይ ውጤቱ በየ30 ደቂቃው እንዲቀመጥ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱም እንዲቆዩ ያዝዙ። መብራት የሄደው እየጻፈ ሳለ ከሆነ የኋለኛው ፎልደር ይበላሻል፤ እሱን አጥፍተው ከፊተኛው ይቀጥሉ። የመውጫውን ኩርባ ሲያገጣጥሙ ሁለቴ የተሰላውን ጊዜ ቆርጠው ያውጡ፤ ካልሆነ ከኩርባው ሥር ያለው ስፋት ይበዛል።