ለጥቂት የጊታር ፔዳሎች የኃይል ምንጭ አመራረጥ

እኔ ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ የምጫወተው በአራት ፔዳል (በእግር የሚረገጡ የጊታር ድምፅ መለወጫ ሳጥኖች) ነው፤ መቃኛ፣ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር)፣ ኮረስ (ድምፁን የሚያወፍር) እና ዲጂታል ዲሌይ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም)። ለዚህ ትልቅና ውድ የኃይል ሳጥን አያስፈልግም።

መጀመሪያ ፔዳሎቹን ገልብጣችሁ ጽሑፉን አንብቡ። አብዛኞቹ የሚፈልጉት 9 ቮልት ዲሲ፣ የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ የሆነ ነው። የራውተር አዳፕተር ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው መሃሉ ፖዘቲቭ ስለሆነ፣ ጫፉ ገጠመ ብላችሁ አትሰኩት። ቮልቱ እኩል ይሁን፤ ሚሊአምፔሩ ግን ቢተርፍ አይጎዳም፣ ፔዳሉ የሚስበው የሚበቃውን ብቻ ነው። ቀላል አናሎግ ዲስቶርሽን ከ20 ሚሊአምፔር በታች ሊበቃው ይችላል፤ ዲጂታሉ ግን 100፣ አንዳንዴም 300 ይጠይቃል። የራሱ መውጫ ይኑረው።

አንድ አዳፕተር በቅርንጫፍ ገመድ ለሁሉም ማካፈል ርካሽ ነው፤ ዲጂታል ፔዳል ሲቀላቀል ግን ብዙ ጊዜ ሲጥ የሚል ድምፅ ያመጣል፣ ዲስቶርሽኑም ያጎላዋል። መፍትሔው መውጫዎቹ በኤሌክትሪክ እርስ በርስ የተነጠሉበት የኃይል ምንጭ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አልምልበትም። ከግድግዳው ነቅላችሁ የሁለት መውጫዎችን ኔጌቲቭ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ፈትሹ፤ ግንኙነት ሲያገኝ በሚጮኽበት ቦታ ላይ አድርጋችሁ፣ ከጮኸ አልተነጠሉም። ሻጩ ቢቆጣም እዚያው ሱቅ ውስጥ ፈትሹ፤ ለመቀየር ብሎ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ማን ነው?

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ ከሆነ መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት መሆኑን አስረግጡ። ለ120 ብቻ የተሠራው በእኛ 220 ይቃጠላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ሊዘል ይችላል።